ሰው ሳይጠብቀው የሚፈጸም የኮምፒዩተር ጭነት፦ ታሪኩና ለሚዛን ተፈሪ አካባቢ ያለው ትርጉም

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቡናው አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ግቢ በሚዛን፣ ሌላው በቴፒ ሆነ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈለ። ተቋማት እንዲህ ተራርቀው በሚሠሩበት አገር ኮምፒዩተር ከመግዛቱ ይልቅ የተገዛውን ለሥራ ማብቃቱ ይከብዳል። ባለሙያው በየመሣሪያው ፊት ተቀምጦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በዲስክ ይጭናል፤ ለሚቀርቡለትም ጥያቄዎች ይመልሳል። አንዱ መሣሪያ አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ አርባ መሣሪያ ያለው ክፍል አንድ በአንድ ሲሠራ የአንድ ሳምንት ሥራ ይሆናል፤ በዚያ ሳምንት ክፍሉ ለተማሪ ዝግ ነው።

ይህን ድካም ለማስቀረት የታሰበው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ቡትፒ የተባለውን ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር አድራሻውን ለማወቅ በመረቡ ላይ ጥሪ ያሰማል፤ ሰርቨሩም አድራሻውንና የሚነሣበትን ፋይል ስም ይነግረዋል። በ1993 ዲኤችሲፒ ተከተለ። ማይክሮሶፍትም በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር ከርቀት የመጫኛ አገልግሎት አቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የመልስ ፋይል የሚባለው ነው። የዲስኩ አከፋፈል፣ የሰዓት ክልሉ፣ ቋንቋውና የቁልፍ ሰሌዳው በዚህ ፋይል አስቀድመው በጽሑፍ ይወሰናሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ 3.0 የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ የኢንቴል ፒኤክስኢ 2.1 ደንብ በወጣበት ወር መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ፣ በዊንዶውስ ላይ አማርኛው ከሌላ አምራች ተገኝቶ ለብቻው የሚጨመር ነበር።

አሠራሩ አደጋም አለው። ዲስኩ ይጥፋ የሚል ትእዛዝ በመልስ ፋይሉ ከተጻፈ፣ በመረብ እንዲነሣ የተደረገ መሣሪያ ሁሉ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል፤ የተማሪዎች ውጤት የተቀመጠበት የመምህሩ ኮምፒዩተርም ቢሆን። ስለዚህ የቢሮውና የማስተማሪያው መረብ ሊለያዩ ይገባል። ሰርቨሩም በአዲስ አበባ ሳይሆን በየግቢው መቀመጥ አለበት፤ የሚጫነው ፋይል በጊጋባይት የሚቆጠር ሲሆን ረጅሙ መስመር ግን ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ ሲተላለፍ፣ መብራት በጠፋበት ክፍል ያለፈው ትምህርት ለዚያ ክፍል አይመለስም ነበር። በግቢው ሰርቨር የሚካሄድ ጭነት ግን መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀመራል።