ስለ ብጣሽ ጨርቅ ክብር

ሰው የተሰጠውን ሲያይ የተጠቀለለበትን ይረሳል። እኔም ይህን ስሕተት ሠርቼአለሁና ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እጽፈዋለሁ።

በሐረር ከተማ፥ በጀጎል ግንብ ውስጥ ስኖር በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። በበዓላቸው ቀን በሙዳይ ሐላዋ አድርገው፥ ሙዳዩንም ከልዩ ልዩ ብጣሽ በተሰፋ ጨርቅ ቋጥረው ላኩልኝ። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ሙዳዩን ቡና ሞልቼ መለስሁ፤ ጨርቁን ግን አሮጌ ነው ብዬ ጣልሁት። በማግሥቱ እኒያ እናት ከደጄ ቆመው፥ «ልጄ፥ ጨርቁስ?» አሉኝ። «አርጅቶ ነበርና ጣልሁት፤ አዲስ እገዛልዎታለሁ» ብላቸው፥ «የልጆቼ ልብስ ትራፊ ነው፤ ከየት ትገዛዋለህ?» ብለው ሄዱ። አልተቆጡም፤ ነገር ግን ቃላቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ መሬት ያይ ጀመር። የመንገዱ ስም የወጣው ልብስ ሰፊዎቹ ከሚነዱት መኪና ድምፅ ነው። ከእግራቸው ሥር ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ብጫ ብጣሽ ይወድቃል። ቀድሞ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር አስቀድመው በሚገባ ያወቁ የሩቅ አገር ሴቶች አሉ፤ እነርሱም የኮሪያ ሴቶች ናቸው። በዚያ አገር ዕቃ የሚጠቀለልበትና የሚሸከሙበት፥ ማዕድም የሚሸፈንበት አራት ማዕዘን ጨርቅ ቦጃጊ ይባላል። ከብጣሽ የተሰፋው ደግሞ ጆጋክቦ ነው። የጆሰን ነገሥታት ኮሪያን በገዙበት ዘመን፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1392 እስከ 1910 ድረስ፥ በቤተ መንግሥት የሚሠራው ቦጃጊ ከሙሉ ጨርቅ ነበር። ተራዋ ሴት ግን ሃንቦክ የተባለውን ልብስ ስትሰፋ የተረፈውን አልጣለችም፤ አንዱን ከሌላው አጋጥማ ሰፋችው። ስፌቱም ጠርዙ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚዘጋ ስለ ሆነ፥ በስስ ጨርቅ ሲሠራ ፊትና ጀርባው አይለይም። ስጦታ የሚጠቀልል ሰው በረከትን አብሮ ይጠቀልላል ብለው ያምኑ ነበር። ያን ሁሉ ጥበብ የሠሩት ሴቶች ስማቸው አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ዛሬ በሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል።

ኮሪያ ከሐረር የራቀች አይምሰልህ። ከ1879 እስከ 1898 ዓ.ም. ሐረርን የገዙት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ነበር። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ኮሪያ የተነሣው ሻለቃ ጦር የተሰየመው በዚሁ ስም ነው። እየተፈራረቁ ከዘመቱት ከ6000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጡ። ወታደሮቹም ጦርነቱ ወላጅ አልባ ያደረጋቸውን ሕፃናት በማሳደጊያ ረዱ። ጦርነት ሕዝብን እንደ ጨርቅ ይቀዳል፤ የተቀደደውን የሚያጋጥም ግን ትራፊውን የማይንቅ ሰው ነው።

ይህን ካሰብሁ በኋላ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። በግድግዳቸው ላይ እንደ ሐረሪዎች ደንብ ባለቀለም የስፌት ሥራ በየረድፉ ተሰቅሏል። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «የልጆቼ ትራፊ አንድ ሁለት አልቀረም። አሮጌ ሸሚዝህን አምጣና ሌላ እሰፋለሁ» አሉኝ። አመጣሁላቸው። በሚቀጥለው በዓል ሙዳዩ ሲመጣ የሸሚዜን ሰማያዊ ቁራጭ ከልጆቻቸው ልብስ ጎን ተሰፍቶ አገኘሁት። ጨርቁን አጥፌ፥ ከሙዳዩ በፊት እኔው ራሴ ወስጄ መለስሁ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ስጦታ ሲመጣልህ ውስጡን ከማየትህ በፊት የተቋጠረበትን ተመልከት። ውስጡ ለአንድ ቀን የሚበላ ነው፤ በውጭው ላይ ግን የሰጪው ዕድሜ ተሰፍቶበት ይሆናል።