ከደም ሥር ወደ አንጀት፦ የአጭር አንጀት ሕክምና ታሪክ

ከስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ተነሥቶ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚዞረው በቤልትዌይ አውራ ጎዳና የፖቶማክን ወንዝ የተሻገረ ሰው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ኋይት ኦክ የሚባለውን ሰፊ ግቢ ያገኛል። ግቢው እስከ 1997 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ምርምር ጣቢያ ነበር። ዛሬ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ዲሴምበር 21 ቀን 2012 ቴዱግሉታይድ ለተባለ መድኃኒት ፈቃድ ሰጠ። መድኃኒቱ አንጀታቸው ላጠረ ሰዎች የታሰበ ሲሆን የሐሳቡ ጅምር ግን ከፈቃዱ 41 ዓመት ይቀድማል።

የአዋቂ ሰው ቀጭን አንጀት ርዝመት እንደየሰው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ሜትር ይሆናል። በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ከ2 ሜትር በታች ሲቀር የተበላው ምግብና የተጠጣው ውኃ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ለዚህ የሚያበቁት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ ክሮንስ የተባለው የአንጀት ቁስለት፣ አንጀትን የሚመግብ የደም ሥር መዘጋት፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚደርስ የአንጀት መሞት፣ የአንጀት መጠማዘዝ። በአማርኛ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚባለው ምግብ ላጣ ሰው ነው፤ ይህ ሕመምተኛ ግን በልቶ ይራባል።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሐኪም ለእንዲህ ያለ ሰው የሚያደርግለት ነገር ጥቂት ነበር። ግሉኮስ ቢሰቀልለትም በክንድ የደም ሥር የሚገባው ቀጭን የስኳር ውኃ ሰውን ለወራት አያኖርም፤ ወፈር ያለው ደግሞ ትናንሾቹን የደም ሥሮች ያቃጥላል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቹ መፍትሔውን ያገኙት ቱቦውን ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የደም ሥር በማድረስ ነው። እዚያ ደሙ ብዙና ፈጣን በመሆኑ ወፍራሙን ፈሳሽ ወዲያው ያቀጥነዋል። መጀመሪያ የሞከሩት በ6 ቡችሎች ላይ ነበር። ቡችሎቹ ከ72 እስከ 256 ቀን በደም ሥር ብቻ እየተመገቡ አደጉ።

በ1967 ተራው የሰው ሆነ። ቀጭን አንጀቷ ከሞላ ጎደል የሌለ አንዲት ጨቅላ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ክብደቷ እየቀነሰ ነበር። በአንገቷ የደም ሥር የገባችው ቀጭን ቱቦ በቆዳዋ ሥር ተስባ በራስ ቅሏ ቆዳ በኩል ወጣች፤ ልጅቷም በዚያች ቱቦ እየተመገበች ክብደት ጨመረች፣ ቁመቷም አደገ። 22 ወር ኖራ አረፈች። ዳግላስ ዊልሞርና ዱድሪክ በ1968 ያሳተሙት የእርሷ ታሪክ፣ ሰው ያለ አንጀት ሊያድግ እንደሚችል ያሳየ የመጀመሪያው ትልቅ ማስረጃ ሆነ። ዱድሪክ በኋላ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነበት የአሜሪካ የደም ሥርና የቱቦ አመጋገብ ማኅበርም ጽሕፈት ቤቱን የከፈተው በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ብዙ ሕሙማን ማታ ማታ ቤታቸው ቱቦውን እየሰኩ ለዓመታት ኖሩ። ነገር ግን በቱቦው በኩል ተሕዋስያን ወደ ደም ይገባሉ፤ በተለይ በሕፃናት ላይ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ለተጎዳው የሕፃናት ጉበት ኦሜጋቬን የተባለው የዓሣ ዘይት ፈሳሽ የተፈቀደው በ2018 ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ጥረት ሁሉ አንጀቱን ትቶ በዙሪያው ማለፍ ነበር።

ሌላው መንገድ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1971 የእንግሊዝ ሐኪሞች የኩላሊት ዕጢ ስላለባት አንዲት ሴት ጻፉ። ዕጢው ግሉካጎን የተባለውን የሚመስል ሆርሞን ያመነጭ ነበር፤ ምግብ የሚመጥጡት የአንጀቷ ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶችም ከልክ በላይ አድገው ነበር። ዕጢው ሲወጣ እጥፋቶቹ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ተመለሱ። በ1983 የግሉካጎን ዘረመል ሲነበብ ሁለት መንትያ የሚመስሉ መልእክተኞች ተገኙበት፦ ጂኤልፒ-1 እና ጂኤልፒ-2። የመጀመሪያው የዛሬዎቹ ታዋቂ የስኳርና የውፍረት መድኃኒቶች መነሻ ሆነ። አንጀትን የሚያሳድገው ሁለተኛው መሆኑን የቶሮንቶው ዳንኤል ድራከርና ባልደረቦቹ በ1996 በአይጦች አሳዩ።

ጂኤልፒ-2 በሰውነት ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል። ስለዚህ ከ33 አሚኖ አሲዶቹ ሁለተኛው ተለውጦ ዕድሜው ረዘመ፤ ቴዱግሉታይድ ይህ ነው። በ86 ሕሙማን ላይ በተደረገው ሙከራ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ለ24 ሳምንታት በየቀኑ ወሰዱ። በደም ሥር የሚወስዱት ፈሳሽ ቢያንስ በ20 በመቶ የቀነሰላቸው ከመጀመሪያዎቹ 43 ሰዎች 27ቱ፣ ከሁለተኞቹ 43 ደግሞ 13ቱ ነበሩ። የአስተዳደሩ አማካሪዎች ኮሚቴ ኦክቶበር 16 ቀን 2012 ውጤቱን አይቶ 12 ለ 0 ደገፈ።

ቁጥሮቹን ማጋነን አይገባም። በሳምንት በአማካይ የቀነሰው ፈሳሽ በመድኃኒቱ 4.4 ሊትር፣ ያለ እርሱ 2.3 ሊትር ነው። ለብዙዎች ይህ ከቱቦው የሚያርፉበት ሌሊት እንጂ ፈውስ አይደለም። አንጀትን የሚያሳድግ ነገር ካንሰርንም ሊያሳድግ ይችላል በሚል ስጋት፣ አስተዳደሩ አምራቹ ሕሙማንን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲከታተል አዘዘ። ዋጋውም መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ በዓመት ወደ 295,000 ዶላር ነበር። ከአንድ ዓመት ዕድሜ በላይ ላሉ ልጆች የተፈቀደው በ2019 ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቀጭን አንጀት መጠማዘዝ ከአንጀት መዘጋት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የተጠማዘዘ አንጀት ደም አጥቶ ይጠቁራል፤ ሐኪሙም የሞተውን ክፍል ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። በኋይት ኦክ የተፈቀደው መድኃኒት የሚያሳድገው የተረፈውን አንጀት ነው። የሚተርፈው ስንት ሜትር እንደሆነ የሚወሰነው ግን ቀድሞ፣ ሕመምተኛው ከገጠር ቀበሌው ተነሥቶ ቀዶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ባለፉት ሰዓታት ነው።