ግብሩን ማን ይገብር?

በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ገባር፣ ገበሬና ግብር ከዚሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዘወትር የሚደንቀኝ ግን አማርኛችን «ግብር»ን ለሁለት ማዋሉ ነው፤ ድኻው ከጎተራው ቀንሶ የሚሰጠውም ግብር ነው፣ በጌታው አዳራሽ ጮማ የሚቆረጥበትም ግብር ነው። ሀብታም ይገብር ወይስ ይብላ የሚለው የቆየ ጠብ በአንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ለዚህ ነገር ከሐይቅና ከአምባሰል የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ነበሩ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ሲነግሡ የአገሪቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ የሚለውን ትውፊት አንዳንዶች ከእርሳቸው፣ ሌሎች ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጋር ያያይዙታል። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው ብሂል ሦስቱን እኩል ቢያስመስልም፣ የሦስቱንም ሲሶ የሚያርሰው አንዱ ብቻ ነበር። በአምባሰል ደግሞ ጃንጥራሮቹ ይገዙ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ግብሩ በጋሻ ተተመነ። ዐሥራቱም በገንዘብ ሆነ። የገቢው መጠን ግን አልተጠየቀም፤ ባለመሬቱም ዐሥራቱን ብዙ ጊዜ ወደ ጭሰኛው ጫንቃ ያሻግር ነበር። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት በ1958 ዓ.ም. ቀሩ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ዐሥራት ተሰርዞ፣ ብዙ ያገኘ ብዙ የሚከፍልበት የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ባለመሬቶች የበዙበት ፓርላማ ግን ዐዋጁን አለዝቦት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያሳስበኛል። በሀብታም ላይ ያነጣጠረው ግብር በጎጃም አመፅ አስነሣ፤ ያመፁትም ትልልቅ ባለመሬቶች ብቻ አልነበሩም። ጥቂት ጥማድ ያለው ባለ ርስት ሳይቀር፣ መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ርስቱን የሚያጣ መሰለው። መንግሥት አፈገፈገ፤ አገረ ገዥውን አነሣ፣ ውዝፉንም ማረ። እንደ እኔ ግምት ገበሬው የተቃወመው ከሀብታም ግብር መወሰዱን አይደለም፤ ለኪውን ስላላመነ ነው።

የሕዝብ አስተያየት ግን ፈጥኖ ዞረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ጥቂቶች ነበሩ። በመካከሉ የ1965 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን ፈጀ፤ አራሹ በራብ ሲያልቅ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ማለት አልተቻለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ዐሥር ዓመት ብቻ ነው የወሰደው። ዳሩ ግን ጎራው እየከረረ ሲሄድ «ማን ምን ያህል ይገብር?» የሚለው ጥያቄ ጠፍቶ «ማን ይኑር?» የሚለው ተተካ። የቀይ ሽብር ዓመታት የዚህ ምስክሮች ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ያው የጥንቱ ክርክር በየቡና ቤቱ ተነሥቷል። መነሣቱ ደግ ነው። የግብር ክርክር ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ነገ በአንድ አገር እንደሚኖሩ የሚያምኑበት ክርክር ነውና፣ በልክ ላይ እስከተጨቃጨቅን ድረስ ገና አልተለያየንም።