የቺካጎ ቴአትር መስፈርቶች

የቺካጎ ቴአትር መስፈርቶች በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በቺካጎ ከተማ በሚገኙ ቴአትር ቤቶች ውስጥ ትንኮሳን፣ ጥቃትንና ለአደጋ የሚያጋልጥ አሠራርን አስቀድሞ ለመከላከል የተዘጋጀ፣ በፈቃደኝነት የሚተገበር የአሠራር ሰነድ ነው። ያዘጋጁት «ኖት ኢን አወር ሃውስ» («በቤታችን አይሆንም» እንደ ማለት ነው) በተባለ እንቅስቃሴ የተሰባሰቡ የቴአትር ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሰነዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። መሪ ቃሎቹ አራት ናቸው፦ መነጋገር፣ ደኅንነት፣ መከባበርና ተጠያቂነት። የሰነዱ ዋና ሐሳብ ችግር ከተፈጠረ በኋላ ቅጣት ከመፈለግ ይልቅ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለማን እንደሚናገር ልምምድ በሚጀመርበት ቀን ሁሉም እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

የችግሩ ምንነት

ትንኮሳ በማንኛውም የሥራ ቦታ ሊደርስ ይችላል። በቴአትር፣ በዳንስና በፊልም ሥራ ግን ለይቶ ለማየትም ሆነ ለመናገር የሚያስቸግሩ ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛው የሥራው ጠባይ ነው። ተዋናይ በመድረክ ላይ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይታገላል፣ ይሳሳማል፣ አንዳንዴም ልብሱን ያወልቃል። በሌላ መሥሪያ ቤት ወዲያውኑ ነውር የሚባል ድርጊት እዚህ የሥራው አካል ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሳ ድርጊቱ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ነው ወይስ ገጸ ባሕርይን ሽፋን ያደረገ ጥቃት ነው የሚለውን መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የሥልጣን ሚዛን ነው። በአነስተኛ የቴአትር ቡድን ውስጥ አንድ ሰው መሥራች፣ አዘጋጅ፣ መሪ ተዋናይና ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ቅሬታ የሚቀርብበትና ቅሬታ የሚሰማው አንድ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው የሥራ ዋስትና ማጣት ነው። ተዋናይ የሚቀጠረው ለአንድ ቴአትር ብቻ በመሆኑ ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘው በስሙና በትውውቅ ነው። «አስቸጋሪ ነች» ወይም «አስቸጋሪ ነው» የሚል ወሬ ከተሰማ በቀጣዩ የተዋናይ ምርጫ ላለመጠራት ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ዝምታን ይመርጣሉ።

የሕግና የማኅበር ክፍተት

በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ለመክሰስ መሠረት የሆነው ዋነኛው የፌደራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 ጾታዊ ትንኮሳ በዚህ ሕግ የተከለከለ መድልዎ እንደሆነ ወስኗል። ይሁንና ሕጉ የሚመለከተው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትን ቀጣሪ ነው። የሚጠብቀውም ሠራተኛን እንጂ በራሱ የሚሠራ ተቋራጭን ወይም በጎ ፈቃደኛን አይደለም።

የአሜሪካ የመድረክ ተዋናዮችና የመድረክ አስተዳዳሪዎች የሠራተኛ ማኅበር «አክተርስ ኢኩዊቲ አሶሲዬሽን» የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ማኅበሩ ከቴአትር ቤቶች ጋር በሚዋዋልበት ጊዜ ተዋናዮች ከመካከላቸው አንድ ወኪል ይመርጣሉ። ወኪሉ በተዋናዮቹና በማኅበሩ መካከል አገናኝ ሆኖ ያገለግላል።

ቺካጎ ግን በአነስተኛ ቴአትር ቤቶቿ የምትታወቅ ከተማ ናት። ብዙዎቹ ቀድሞ ሱቅ በነበሩ ጠባብ ቤቶች ውስጥ በመጀመራቸው «ስቶርፍሮንት» (የሱቅ ፊት) ቴአትር ይባላሉ። በእነዚህ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ተዋናዮች የማኅበሩ አባላት አይደሉም፤ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ይለማመዳሉ፤ የሚያገኙትም ትንሽ የኪስ ገንዘብ ነው ወይም ያለ ክፍያ ይሠራሉ። የፌደራሉ ሕግም ሆነ የማኅበሩ ውል ብዙውን ጊዜ አይደርስላቸውም። የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ያለው አነስተኛ ቴአትር ቤትም እምብዛም አይገኝም።

አመጣጥ

እንቅስቃሴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ተዋናይት ሎሪ ማየርስ በቺካጎ ቴአትር ውስጥ ስለሚፈጸም በደል በፌስቡክ ከጻፈች በኋላ ነው። ጽሑፉን ተከትሎ ብዙ ባለሙያዎች የራሳቸውን ታሪክ መናገር ጀመሩ። ማየርስና ሌላዋ ተዋናይት ሎራ ፊሸር ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን «ኖት ኢን አወር ሃውስ»ን መሠረቱ። በቡድኑ ስብሰባዎች የተሳተፉ ተዋናዮች፣ አዘጋጆችና ሥራ አስኪያጆች ለሁሉም የሚሆን የጋራ አሠራር መጻፍ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 «ቺካጎ ሪደር» የተባለው ጋዜጣ በከተማዋ ይሠራ ስለነበረው «ፕሮፋይልስ ቴአትር» ሰፊ የምርመራ ዘገባ አወጣ። በዘገባው የቀድሞ ተዋናዮችና ሠራተኞች በልምምድና በመድረክ ላይ በትወና ስም የአካልና የሥነ ልቦና በደል ይፈጸም እንደነበር ተናግረዋል። ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ የፍልሚያ ትዕይንቶች በልምምድ ከተስማሙበት ውጭ፣ ተዋናይን በሚጎዳ መንገድ መከናወናቸው ነበር። የቴአትር ቤቱ ወገን ዘገባውን ቢቃወምም፣ ቴአትር ቤቱ በቀናት ውስጥ ተዘግቷል።

ጉዳዩ በከተማዋ ቴአትር ሰዎች ዘንድ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ረቂቁ ሰነድም በበርካታ ቴአትር ቤቶች በተግባር ተሞክሮ፣ ከሙከራው በተገኘው ልምድ እንደገና ተጻፈ። ዝግጅቱ ሁለት ዓመት ገደማ ወስዷል። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው «ሚ ቱ» የተባለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በዓለም ዙሪያ ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ነው።

ይዘት

ሰነዱ አንድን ቴአትር ከተዋናይ ምርጫ እስከ መጨረሻው ትርኢት ይከተላል። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የተዋናይ ምርጫ፦ ማስታወቂያው ስለ ክፍያው፣ እንዲሁም በድርሰቱ ውስጥ የፍልሚያ፣ የወሲብ ወይም የእርቃን ትዕይንት ካለ አስቀድሞ ይገልጻል። ተዋናዩ ምን እንደሚጠበቅበት አውቆ ይመጣል፤ ወይም አውቆ ይቀራል።

የመጀመሪያው የልምምድ ቀን፦ የትንኮሳ መከላከያ ደንቡ በሁሉም ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ራሱንና የሥራ ድርሻውን ያስተዋውቃል፤ የቅሬታ አፈታት መንገዱም በጽሑፍ ይሰጣል። ደንቡ የሚነገረው ማንም በማንም ላይ ቅሬታ ሳይኖረው በመሆኑ እንደ ክስ አይቆጠርም።

የቅሬታ አፈታት መንገድ፦ ይህ የሰነዱ እምብርት ነው። ቅሬታ የሚቀበሉ ሰዎች ስምና አድራሻ በቅደም ተከተል ይዘረዘራል። መነሻው ለተዋናዮች ቅርብ የሆኑት የመድረክ አስተዳዳሪውና የተዋናዮች ወኪሉ ሲሆኑ፣ ከዚያ ወደ ቴአትር ቤቱ ኃላፊዎች፣ በመጨረሻም ወደ ቦርዱ ይደርሳል። ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀስበት ምክንያት ቅሬታ የቀረበበት ሰው ከተቀባዮቹ አንዱ ቢሆን እንኳ ሌላ በር ክፍት እንዲሆን ነው።

ማኅበር የሌላቸው ተዋናዮች ወኪል፦ ከአክተርስ ኢኩዊቲ የተወሰደ አሠራር ነው። ተዋናዮች ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣሉ። ወኪሉ ዳኛ ወይም መርማሪ ሳይሆን በግል ለመናገር የፈራውን ሰው ጉዳይ ለሚመለከተው የሚያደርስ መልእክተኛ ነው።

የፍልሚያና የመቀራረብ ትዕይንቶች፦ ጥፊ፣ ትግል፣ መሳሳምና የመሳሰሉት እንደ ዳንስ በእርምጃ ተቀናብረው ይጠናሉ፤ በመድረክ ላይ አይፈጠሩም። የፍልሚያ ትዕይንት ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት በዝግታ ይከለሳል። በስምምነት የተወሰነ እንቅስቃሴን አንዱ ተዋናይ በራሱ ፈቃድ መቀየር አይችልም።

እርቃንና መልበሻ ክፍል፦ የእርቃን ትዕይንት የሚለማመደው አስፈላጊ ሰዎች ብቻ ባሉበት ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው። መልበሻ ክፍልም የተዋናዩ ግላዊ ቦታ ተደርጎ ይጠበቃል።

ሌሎች ክፍሎች ስለ ጤናና የአካል ደኅንነት፣ ስለ ተተኪ ተዋናዮች እና በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ላይ ስለተመሠረተ ትንኮሳ ያወሳሉ።

አተገባበርና ውስንነት

ሰነዱ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አንድ ቴአትር ቤት ሙሉውን ወይም ለአቅሙ የሚስማማውን ክፍል ሊወስድ ይችላል። አብዛኛው ምክር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወኪል ማስመረጥ፣ ስም ዝርዝር ማደልና ደንብ ማንበብ ጊዜን እንጂ በጀትን አይፈልጉም። የፍልሚያ ወይም የመቀራረብ ትዕይንት ባለሙያ መቅጠር ግን ለትንንሽ ቡድኖች ወጪ ነው።

ትልቁ ውስንነቱ አስገዳጅ አለመሆኑ ነው። መስፈርቶቹን ተቀብያለሁ የሚል ቴአትር ቤት ቃሉን ባይጠብቅ የሚቀጣ አካል የለም፤ ሰነዱም የሕግ ምክርን ወይም ፍርድ ቤትን አይተካም። የቅሬታ መንገዱ የሚሠራው በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሰምተው እርምጃ ሲወስዱ ብቻ ነው። ሁሉም ተቀባዮች የአንድ ኃላፊ የቅርብ ወዳጆች በሆኑበት ቡድን ውስጥ ብዙ በሮች ቢኖሩም መድረሻቸው አንድ ይሆናል።

ከሕግ በኩል ያለው ክፍተት ከዚያ ወዲህ በከፊል ጠቧል። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2020 ጀምሮ በኢሊኖይ ሕግ መሠረት ቀጣሪዎች የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሥልጠና በየዓመቱ መስጠት አለባቸው፤ የትንኮሳ ክልከላውም ተቋራጮችን እንዲያካትት ተደርጓል። የቺካጎ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 ጀምሮ ድርጊቱን የሚያዩ ሰዎች እንዴት ጣልቃ መግባት እንዳለባቸው የሚያስተምር የአንድ ሰዓት ዓመታዊ ሥልጠና ግዴታ አድርጓል።

ተመሳሳይ ጥረቶች

በለንደን «ሮያል ኮርት ቴአትር» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በቴአትር ዓለም ስለደረሱ ጥቃቶች ምስክርነት የተሰማበት ቀን አዘጋጅቶ፣ በቀጣዩ ወር የሥነ ምግባር ደንብ አሳትሟል። በፊልምና በቴሌቪዥን ዘርፍ ደግሞ የመቀራረብ ትዕይንቶችን የሚያቀናብር «ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር» የተባለ ሙያ ተስፋፍቷል። የአሜሪካው «ኤችቢኦ» እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ባሉባቸው ድራማዎቹ ሁሉ ባለሙያዎቹን እንደሚጠቀም አስታውቋል፤ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናዮች ማኅበር «ሳግ አፍትራ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሙያው መመሪያ አውጥቷል። እነዚህ ጥረቶች ከቺካጎው ሰነድ ጋር የሚጋሩት ሐሳብ አለ፦ ተዋናይ በመድረክ ላይ ሙሉ በሙሉ ለሥራው ራሱን መስጠት የሚችለው የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ ስምምነት ሲኖር ነው።