ነፋ፣ ደረደረ፣ ቃኘ

የአሶሳ ዲጄ ለሠርግ ሲሰናዳ በላፕቶፑ ውስጥ የሱዳን ዘፈን፣ የወሎ ዘፈን፣ የኦሮሞ ዘፈንና የበርታ ዘፈን ተደባልቀው ይጠብቁታል። ሶፍትዌሩ ቨርቹዋል ዲጄም ይሁን ሴራቶ ወይም ሪከርድቦክስ፣ ሰው ሳይሰበሰብ የሚያልቁ ሦስት ሥራዎች አሉ፦ መደርደር፣ መንፋትና መቃኘት። ደስ የሚለኝ ነገር ይኸውና፦ አማርኛ ለእነዚህ የስንዱነት ሥራዎች ያዋላቸው ግሦች ሙዚቃ የምንጫወትባቸው ግሦችም ናቸው።

ከደረደረ እንጀምር። መጽሐፍ ይደረደራል፤ መቀመጫው መደርደሪያ ነው። ተራው ድርድር ነው፤ ሁለት ወገኖች ቃል በቃል ፊት ለፊት ሲያሰልፉ ደግሞ ተደራደሩ እንላለን። በገናም ይደረደራል። በገና ደርዳሪ ጣቱን በአሥሩ አውታር ላይ በተራ ያስኬዳል እንጂ አይመታም፣ አይነፋም። ስለዚህ የሶፍትዌሩን አምድ ጠቅ አድርጎ ዘፈኖቹን በስም፣ በዘመን ወይም በፍጥነት ተራ የሚያስይዝ ሰው ግሡን ከበገናው ጋር ይጋራል። አውታር ራሱ ጥቂት ያስቆማል፤ በግእዝም በዐረብኛም የብዙ ቁጥር መልክ ነው። አማርኛ ነጠላ አድርጎት ዛሬ ኢንተርኔትን በአውታረ መረብ ስም ያስጠራበታል።

ነፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዱቄት ይነፋል፤ ዋሽንት፣ መለከትና ጥሩንባም ይነፋሉ። አንድ ቃል ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሁለት ነው። እፍ ማለት ከግእዙ ነፍኀ፣ ማበጠር ከግእዙ ነፈየ ይመጣል። አማርኛ የጉሮሮውን ኀ ጣለ፣ የመጨረሻውን የ ዋጠ፣ ሁለቱም ነፋ ላይ ተገናኙ። ወንፊት የነፈየ ልጅ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ያም ሆኖ የሚያምር አጋጣሚ ነው። በበርታ ሠርግ ላይ የቅል መለከት የሚነፋና ፋይሎቹን ለዚያው ሠርግ የሚነፋ ሰው በአንድ ግሥ ይጠራሉ።

የኮምፒውተር አማርኛ ወንፊትን ትቶ ማጣሪያን መርጧል። አጣራ ከጠራ ነው፤ ጠራም እንደ ነፋ መንታ ሥር አለው። ሰው መጥራት ከግእዙ ጸርኀ፣ ማለትም ጮኸ፤ ውኃው ጠራ የሚለው ከጸረየ፣ ማለትም ንጹሕ ሆነ። የሁለተኛው ቅጽል ጽሩይ ነው፤ ጽሩይ ወርቅ የነጠረ ወርቅ ማለት ነው። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ይህ ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ መሬት ይረግጣል። የግብፁ መሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካማለሉት ነገሮች አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነበር፤ እስከ ዛሬም አሸዋውን አጥበው ወርቅ የሚለዩ ሰዎች እዚያው አሉ። ፊልተር ደግሞ የመጣው ከሱፍ ነው። በመካከለኛው ዘመን ላቲን ፊልትሩም ፈሳሽ የሚጠለልበት የተጠቀጠቀ ሱፍ ነበር። ጠላ ጠማቂ እናቶች የሚሉት አጠለለ ግን ከግእዙ ጸለለ፣ ማለትም ላይ ተንሳፈፈ፣ ጋር ይዛመዳል። አንዱ ቃል በዕቃው፣ አንዱ በውጤቱ፣ አንዱ በሚንሳፈፈው ነገር ሰየመ።

ሦስተኛው ግሥ ቃኘ ነው። ክራር ይቃኛል፤ ጠላት ያለበት ሸለቆም ይቃኛል። ሥሩ ቀነየ ነው፤ ትርጉሙ ገዛ፣ አስገበረ። ን እና የ ተጋጭተው ኘ ሆኑ። ከዚያው ሥር ተቀንየ፣ ማለትም አገለገለ፣ ወጣ፤ የአገልግሎቱ ዝማሬ ቅኔ ተባለ። ቅኝ ግዛትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አውታርን መቃኘት አውታርን ለድምፅ ማስገበር መሆኑን ያወቀ ሰው የቅኝትን ክብደት አይስተውም።

እዚህ ላይ የዲጄው ሶፍትዌር ይቸገራል። ኪ የሚለው አምድ 24 ማዕርጎችን ብቻ ያውቃል፦ 12 ሜጀርና 12 ማይነር። የካሜሎት ክብም እነዚህኑ ከ1 እስከ 12 በሁለት ፊደል ቆጥሮ ያስቀምጣል። የእኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። አምባሰል ሲገባለት ሶፍትዌሩ ሰባት ድምፅ ፈልጎ አምስት ያገኝና ከ24ቱ ወደ አንዱ ያስጠጋዋል። አንቺሆዬ ደግሞ ወደ የትኛውም በቀላሉ አይጠጋም። የሱዳን ዘፈንም በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ከወሎው ጋር አንድ ምሽት ላይ ሲያያዝ ለጆሮ የሚስማማው ስለዚህ ነው። አምዱ ይህን ዝምድና ማሳየት አይችልም።

የአራቱ ቅኝቶች ስሞች ራሳቸው አራት የስያሜ መንገዶች ናቸው። ትዝታ ከስሜት፣ ከትዝ አለ። ባቲ ከከተማ። አምባሰል ከተራራ፤ ስሙን አምባና የዐረብኛው ዐሰል፣ ማር፣ አድርገው የሚተረጉሙት አሉ። አንቺሆዬ ከጥሪ። ባቲና አምባሰል ሁለቱም ወሎ ናቸው፤ አሶሳም ወሎን በቅርብ ታውቀዋለች። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች እዚህ ሰፍረዋል፤ ሰፈሮቻቸውም አምባ ተብለው በቁጥር ተለይተዋል። አምባ የሚለው ቃል ከተራራ ጫፍ ወርዶ የሜዳ መንደር ስም ሆነ።

የፍጥነቱ አምድ ቢፒኤም ይባላል፤ ምት በደቂቃ። ደቂቃ የደቂቅ ዘመድ ነው፤ ደቀቀ ማለት ላመ፣ አነሰ። የዐረብኛው ደቂቃም ያው ነው፤ ላቲኑም ሚኑታ ሲል ትንሽ ማለቱ ነበር። ሦስቱም ቋንቋዎች ጊዜን አድቅቀው ሰየሙት። ምት የሚለው ላይ ግን ችክችካ ይመጣል። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ስድስቱን ትናንሽ ምቶች ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ያስጨፍራል። ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት አድርጎ መቁጠር ይቀናዋል። በደቂቃ 360 ትናንሽ ምቶች ያሉት ዘፈን በሦስት ሲቆጠር 120፣ በሁለት ሲቆጠር 180 ይሆናል። ከ110 እስከ 130 ያሉትን ብቻ አሳየኝ ብሎ ያጣራ ዲጄ ያንን ዘፈን አያየውም። ዘፈኑ አልጠፋም፤ የተቆጠረበት ቋንቋ ሌላ ነው። መፍትሔው ትከሻ የሚንቀሳቀስበትን ምት በጣት እየነኩ ቁጥሩን በእጅ ማረም ነው።

ጃንራ የሚባለው አምድ በአማርኛ ዘውግ ነው። ዘውግ ከግሪኩ ዜውጎስ ወደ ግእዝ የገባ ቃል ነው፤ ጥማድ፣ ጥንድ ማለት ነው። በዐረብኛ ዘውጅ ሆኖ ባል ወይም ሚስት ማለት ሆኗል። ዘውግ እንግዲህ በጥንቱ ትርጉሙ ብቻውን የሚቆም ነገር አልነበረም፤ አብሮት የተጠመደ ሁለተኛ ይፈልጋል። ለአሶሳ ሙዚቃ ይህ ትርጉም ይስማማል። አንድ የበርታ ዘፈን በዐረብኛ ሊዘፈን፣ በሱዳን ስልት ሊታጀብ፣ በኢትዮጵያ ሠርግ ሊጨፈርበት ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ፋይል ግን አምዱ ላይ ወርልድ የሚል ቃል ተለጥፎበት ይገኛል። ዓለም ሁሉ በተጻፈበት አምድ ማጣራት አይቻልም፤ ወንፊቱ ቀዳዳ የለውም።

በዚያ ፈንታ ዙምባራ ተብሎ ይጻፍ። ዙምባራ በርታዎች በቅል የሚሠሩት ረዥም መለከት ነው፤ በሱዳን በኩል ዋዛ ይሉታል። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ድምፅ ሲቀባበሉ ነው። ስሙን ስከተል ደስታዬ ከፍ ይላል። በሱዳን ዐረብኛ ዙምባራ የእስትንፋስ መሣሪያ ነው፤ የዐረብኛው ዙማራ ዘመድ ሲሆን ድርቡ ም ምብ ሆኖበታል። ዙማራ ከዘመረ ሥር ነው። በዐረብኛ ዘመረ ነፋ ማለት ሲሆን መሣሪያው ሚዝማር ነው፤ በግእዝ ዘመረ በአፍ አዜመ ማለት ሲሆን ውጤቱ መዝሙር ነው። የማኅሌቱ ዝማሬና የአሶሳ ቅል መለከት በስም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ዋዛ የሚለው ስም ግን በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ቀልድ መስሎ ስለሚታይ፣ ፋይል ላይ ሲጻፍ በርታ የሚል መለያ ይጨመርበት።

ዘፈን ራሱ ተጉዟል። በግእዝ ዘፈነ ማለት ጨፈረ ነው፤ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገው እርሱን ነው። በዐረብኛም ዘፈነ ጭፈራ ነው፤ ሐበሾች በመዲና መስጊድ በዒድ ቀን ሲጫወቱ የሚያወሳው ሐዲስ የተጠቀመበት ግሥ ይኸው ነው። አማርኛ ቃሉን ከእግር ወደ አፍ አወጣው። ዲጄው ዘፈንን መልሶ እግር ላይ ያወርደዋል። ሙዚቃም በድምፁ በሩን ይናገራል፤ የዐረቡ ሙሲቃ ስ ሲል የእኛው ዝ ይላል፤ ይህ የጣሊያንና የፈረንሳይ አፍ ነው። በዲጄ ውስጥ ያለው ጆኪ ደግሞ ከጆክ ነው፤ ጆክ የስኮትላንዶች ጆን፣ ማለት ዮሐንስ ነው።

ቀጥሎ ማኅደሩ ነው። ሴራቶ የዘፈን ስብስብን ክሬት ይለዋል፤ የአሜሪካ ዲጄዎች ሸክላቸውን በወተት ጠርሙስ ሣጥን ይሸከሙ ስለነበር ነው። ሸክላም እንደ እንስራ ይሰበራል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹት በእርሱ ላይ ነው። ካሴት በፈረንሳይኛ ትንሽ ሣጥን ነው፤ የቢራው ካሳ ከጣሊያን የመጣ የዚሁ ዘመድ ነው፤ የሁለቱም አያት ላቲኑ ካፕሳ ነው። ፋይል ከላቲኑ ፊሉም ነው፤ ክር ማለት ነው። ወረቀት በክር ይሰካ ነበር። የካሴቱን ጥብጣብ ክር ያልን እኛም ከዚያው ደርሰናል። ፎልደር በአማርኛ አቃፊ ሆኗል፤ ከግእዙ ሐቀፈ። መዝገብ ከዘገበ ነው፤ አከማቸ ማለት ሲሆን መዝገብ በመጀመሪያ የሀብት ግምጃ ቤት ነበር፤ መዝገበ ቃላት የቃላት ግምጃ ቤት ነው። መዘገበ የሚለው ግሥ ከስሙ በኋላ የተወለደ ነው። ላይብረሪ ለሚለው ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም።

ሰዉ ግን ዘፈን አስጫንኩ ይላል። ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ለሙዚቃ ቤቱ ይሰጣል፤ ዘፈን ተጭኖለት ይመለሳል። ጫነ ከግእዙ ጸዐነ ነው፤ አህያ የሚጫንበት ግሥ ነው። ጸ ጨ ሆነ፣ ዐ ጠፋ፤ ሶፍትዌርም በዚሁ ግሥ ይጫናል። እዚህ ላይ ጾሬን አነሣለሁ። ከአሶሳ ብዙም ሳይርቅ ያለው ጾሬ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከሱዳን ብሉ ናይል የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉበት ስፍራ ነው። ከቤት የወጣ ሰው ከሚይዛቸው ነገሮች ሁሉ ዘፈን ቀላሉ ነው፤ ጣት በሚያህል ካርድ ላይ ይጫናል። በግእዝ ጾረ ተሸከመ ማለት ነው። የስፍራውን ስም ከዚህ ግሥ ማውጣት ግን የፊደል መመሳሰልን ዝምድና ማድረግ ነው፤ ሥርወ ቃል ይህን አይፈቅድም።

ጾሬ ስለ ማጣሪያ የሚያስተምረው በአጻጻፉ ነው። አንዱ ጾሬ፣ አንዱ ፆሬ ይላል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለሶፍትዌሩ ሁለት። ፊደላችን ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ በዩኒኮድ የየራሱ ቁጥር አለው፤ የፍለጋ ሣጥኑም የሚያነጻጽረው ቁጥርን ነው። ጸና ፀ ጎረቤታሞች ስለሆኑ በፊደል ተራ ሲደረደሩ ብዙ አይራራቁም። ሠርግንና ሰርግን በመካከላቸው የገባው ረ ይለያቸዋል። ሐ እና ኀ ግን የራቁ ናቸው፤ አ እና ዐ እንዲሁ። በላቲን ከተጻፈማ ትዝታ ብቻውን ሦስት አራት መልክ ይኖረዋል። በግእዝ እነዚህ ፊደሎች የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ አማርኛ ድምፁን አዋሕዶ ፊደሉን አቆየ። የቃሉን ሥር የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚጽፍ አያመነታም፤ መዝገቡም አይበተንበትም።

ለታግ የምንለው መለያ ከግእዙ ሌለየ ነው፤ አንዱን ከሌላው አራቀ ማለት ነው። አሶሳ ራሷ በበርታ አፍ አቆልዲ ናት። ቤኒሻንጉልም በበርታዎች ትውፊት ቤላ ሻንጉል፣ የሻንጉል ድንጋይ፣ ነው ይባላል፤ ዐረብኛ ተናጋሪ ሲሰማው ቤኒን ልጆች ብሎ ተረጎመው። ሁለት ስም ያለው ነገር በአንዱ ብቻ ቢመዘገብ በሌላው የሚፈልገው አያገኘውም። ስለዚህ ለአሶሳ ዲጄ የምመክረው ይህ ነው፦ በዘውግ አምድ ዙምባራ ወይም ችክችካ፣ በአስተያየት አምድ ቅኝቱን፣ ቋንቋውንና ሁለተኛ ስሙን፣ ሁልጊዜም በአንድ አጻጻፍ ይሙላ። ስሙን ያላገኘ ዘፈን ተጭኖም አይገኝም። ዘፈኖቹን የሚያውቀው የአሶሳው ሰው ነውና አምዶቹን መሙላት የእርሱ ድርሻ ነው።