ድምፅ የመስጠት ታሪክና የእኛ ዕዳ

በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን አይመርጥም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶችና ሴቶች እንዲመርጡ ፈቀደ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ምርጫ እስከ ሰፈራችን ደረሰ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ፥ ድምፅም በምስጢር እንዲሰጥ ደነገገ። እነሆ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎችም ከዚህ ዕድሜ ደረስን።

ታዲያ ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ እንምረጥን? በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስላልተሳተፉ፥ «የሚመረጥ ከሌለ መምረጥ ምን ይረባል?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ከባድ ነው። እኛ ግን የሚቀር ሰው በምክንያት እንጂ በስንፍና አይቅር እንላለን።

የምንመርጥ ከሆነ፥ የአካባቢ ተወዳዳሪ ጎረቤታችን ስለሆነ ሥራውን ልንመዝን እንችላለን። የዕድሩን ገንዘብ በትክክል አስረክቧልን? ስለ ውሃውና ስለ መንገዱ ተናግሯልን? የድኻውን ቃል ይሰማልን? ዝምድናና ግብዣ ግን መመዘኛ ሊሆኑ አይገባም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ከሣጥን የገባ ድምፅም አይመለስም። ስለዚህ ወላጆቻችንን ጠይቀን፥ እርስ በርሳችን ተከራክረን፥ በመጨረሻ እያንዳንዳችን በኅሊናችን እንወስን።