አጋዥ ሞላ

አጋዥ ሞላ ከመኪናው የኋላ ባሌስትራ ወይም ጥቅል ሞላ ጋር ተገጥሞ፣ ጭነት ሲበዛ ክብደቱን የሚካፈል ተጨማሪ ሞላ ነው። በመለዋወጫ ገበያ ስሙ ሄልፐር ስፕሪንግ ነው። «ባሌስትራ»ም «ሞላ»ም ከጣሊያንኛ መጥተው የጋራዥ አማርኛ ከሆኑ ዘመናት ስላለፉ አዲስ የሚያስፈልገው ቅጽሉ ብቻ ነው። «ረዳት ሞላ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጭነት መኪና ላይ «ረዳት» ሲባል ከሾፌሩ ጋር የሚሠራው ሰው ነውና «አጋዥ» ይመረጣል።

እንደ ቦሌ አራብሳ ባሉ አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ፒክ አፕ ሴራሚክና ሲሚንቶ ይጭናል፣ አንዳንዴም ሚክሰር ከኋላው አስሮ ይጎትታል። 50 ኪሎ የሚመዝነው የሲሚንቶ ከረጢት 20 ሲሞላ 1 ቶን ነው፤ የብዙ ፒክ አፖች የመጫን አቅምም እዚያው አካባቢ ያበቃል።

ተሳቢ ሲታሰር ነገሩ ይለያል። ክብደቱ መንጠቆው ላይ፣ ማለትም ከኋላ አክስል ውጭ ስለሚያርፍ የመኪናውን ፊት ያነሳል። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ መንጠቆው ደግሞ 1.2 ሜትር ቢሆን፣ መንጠቆው ላይ ያረፈ 150 ኪሎ የኋላውን አክስል በ210 ኪሎ ይጫነዋል፤ ከፊተኛው ላይ 60 ኪሎ ያነሳል። መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ያበራል። አጋዥ ሞላ የኋላውን ቀና ያደርጋል እንጂ ያንን 60 ኪሎ ወደ ፊት ጎማዎች አይመልስም። ይህን ብዙ ሻጭ አይናገረውም።

የተለመዱት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አጋዥ ባሌስትራ ከዋናው በላይ ተቀምጦ ጫፎቹ ጭነት እስኪመጣ ምንም አይነኩም፤ የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር የኋላ ባሌስትራ ይህን አሠራር ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል። በየጋራዡ የተለመደው «ባሌስትራ ማስጨመር» ግን ሌላ ነው፤ የተጨመረው ቅጠል ከዋናው ጋር ታስሮ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ባዶ መኪና ኮብልስቶን ላይ ይዘላል። የአየር ሞላ በሻንሲና በአክስል መካከል የሚገባ የጎማ ከረጢት ነው። ጎሚስታ ቤት እንደ ጭነቱ ይነፋል፣ ይቀነሳል፤ ባዶ ሲሄድም አምራቹ ያዘዘው ዝቅተኛ አየር ሊኖረው ይገባል፣ አለዚያ ከረጢቱ ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ሦስተኛው ድፍን የጎማ ሞላ ነው፣ እንክብካቤ አይፈልግም። ዘወትር ለሚጭን መኪና አጋዥ ባሌስትራው፣ አንድ ቀን ጭኖ ሌላ ቀን ቤተሰብ ለሚያመላልስ የአየሩ ይስማማል። መኪናው ባዶውን ቆሞም ወደ ኋላ የሚያዘነብል ከሆነ ግን ችግሩ የደከመው ዋና ባሌስትራ ነው፤ እሱን መቀየር ይቀድማል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ፍሬኑ ነው። ብዙ ፒክ አፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው፤ ሻንሲው ዝቅ ሲል ጭነት እንዳለ ቆጥሮ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። አጋዥ ሞላ ሻንሲውን ከፍ ሲያደርገው ቫልቩ መኪናው ባዶ ይመስለዋል። ውጤቱ ተጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና የኋላ ፍሬኑ ደካማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከገጠማ በኋላ ቫልቩ እንደገና መስተካከል አለበት። አጋዥ ሞላ የመጫን አቅምም አይጨምርም፤ የአክስሉ፣ የጎማው፣ የሻንሲውና የፍሬኑ ልክ በሊብሬውና በአምራቹ ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈው ይቆያል።

ሲገጠም ባሌስትራ አይበየድም፣ አይበሳም። ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል፣ ቀዳዳም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖችም ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።